«ያው ትንሽ ትንሽ ቡና እቀምሳለሁ»፦ ራሷን ማስተዋወቅ ያቃታት ባለሙያ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

የማወራላችሁ ስለ አንዲት ቡና ቀማሽ ነው። ሥራዋን ከብዙ ሰው በተሻለ ትችላለች፣ ግን «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት የምትመልሰው መልስ እንጀራዋን ሊያሳጣት ደርሶ ነበር። ልጻፈው ብዬ ስጠይቃት «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሳ ጋሼ» አለችኝ። ስለዚህ የእሷንም፣ የሠራችባቸውንም ቤቶች፣ ያገኘናቸውንም ሰዎች ስም አልጠራም።

እኔ ቀማሽ አይደለሁም። ቡና ላኪ ቤት ውስጥ የኤክስፖርት ሰነድ ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርተናል። ሥራዋን አውቀዋለሁ። ራሷን ስታስተዋውቅ ግን ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማን ራስሽን አስተዋውቂ ይላታል?

ከዚያ በፊት የነበረው

የቡና ቅምሻ አይታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ናሙናው ሳይጠቁር ይቆላል፣ ይፈጫል፣ አምስት ስኒ ላይ ይደረጋል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ያህል ቡና ነው፤ ውኃው 93 ዲግሪ አካባቢ። አራት ደቂቃ ገደማ ይቆይና ላዩ ላይ የተንሳፈፈው በማንኪያ ይሰበራል። ከዚያ ቀማሹ በማንኪያ እያነሳ ፉት ይላል። ፉት ስል እንደ ቤት ቡና አይምሰላችሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ነው የሚማገው። ነጥቡ ከመቶ ነው፣ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ከተራው የተለየ ጥራት ያለው፣ ይባላል። በዚያ መስመር ዙሪያ አንዲት ነጥብ ገንዘብ ናት።

አንድ ቀን የድርጅቱ ባለቤት ገብቶ «ይሄን 86 በይልኝ» አላት። ቀና ሳትል «83 ነው» አለችው። ወጣ፣ ተመለሰ፣ ገዢው እንደሚጠብቅ ነገራት። «83 ነው።» ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ስኒውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ ማንኪያ ሰጠችው። ቀመሰ። ዝም ብሎ ወጣ። ይህን የምነግራችሁ ልጅቷ ፈሪ እንዳልሆነች እንድታውቁልኝ ነው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ከዚያ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ፣ እሷም ወጣች። ሌላ ቦታ ከመቀጠር በግል ልሞክር አለች። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ቡናው በአብዛኛው በምርት ገበያ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ተመሳሳይ አካባቢና ደረጃ ያለው አንድ ላይ ስለሚቀላቀል የማን ቡና እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ግን አቅራቢው ራሱ እንዲልክ፣ ከላኪ ጋርም በትስስር እንዲሠራ በር ከፈተ። ያኔ ሁለት ሦስት ኮንቴይነር የሚልኩ ትንንሽ ላኪዎች ብቅ ብቅ አሉ። ብዙዎቹ የራሳቸው ቤተ ሙከራ የላቸውም። ቡናቸው ምን እንደሆነ የሚሰሙት ከውጭው ገዢ ነው፤ ያኔ ደግሞ መከራከር አይቻልም። ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። እሷ ያ ሰው ናት። ማንም ግን አያውቃትም፣ የቡና ሥራ ደግሞ በትውውቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቡና ኤግዚቢሽን ነበር፣ አብረን ሄድን። ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ላኪ ስኒ ይዘው ቆመዋል። ሄደች። በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው። ስሟን ተናገረች፤ አጠገቧ ነበርኩ፣ እኔም አልሰማሁትም።

«እሺ ልጄ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ያው... ትንሽ ትንሽ ቡና እቀምሳለሁ።»

ሰውዬው ሳቁ። «እኛስ በቀን ሦስቴ እንቀምስ የለ!» አሉ። በዙሪያቸው ያሉት ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ቀጥሎ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» መጣ። ጅማ አለች። ከዚያ ወሬው የጅማ ዝናብ፣ የጅማ መንገድ፣ እዚያ የሚያውቁት አንድ ነጋዴ ቤት ሆነ። ስልካቸው ጮኸ፣ ይቅርታ ብለው ሄዱ። ቡናቸውን ገዢው ከማየቱ በፊት ቀምሳ ልትነግራቸው የምትችል ሰው እንዳገኙ ሳያውቁ ሄዱ።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው አናገረች፤ ቆጥሬያለሁ። ለአንዱ «አንድ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ» አለች፣ ለሌላው «አሁን እረፍት ላይ ነኝ»፣ ለሌላው «ገና እየሞካከርኩ ነው»። ሦስቱ ስልኳን ወሰዱ። የደወለላት አንዱ ብቻ ነው፤ የደወለው ማታ ሦስት ሰዓት ነው፣ ያወራትም ስለ ቡና አልነበረም።

ችግሩን መጀመሪያ ስቼዋለሁ

ታክሲ ውስጥ «በራስ መተማመን ይጎድልሻል» አልኳት። ተቆጣች። «ስለ ቡናው ሳወራ እኮ አልፈራም ጋሼ። ስለ ራሴ ሳወራ ጉራ ይመስለኛል።»

ልክ ነበረች። ነገሩ ይሉኝታ ነው። ሰው ራሱን ሲያመሰግን ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ቋንቋችንን እዩት፦ «እገሌ ነኝ» ከማለት «እገሌ እባላለሁ» እንላለን፤ ስማችንን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚጠራልን። ስልክ ላይ «ማን ልበል?» ሲሉን «እኔ ነኝ!» እንልና ሰውየውን ግምት ውስጥ እንከተዋለን። ሥራችንን ሲጠይቁን ደግሞ «አንድ መሥሪያ ቤት ነኝ» ነው መልሱ፣ የመንግሥት ምስጢር ይመስል። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሰነድ ስሠራ «ያው ወረቀት አካባቢ ነኝ» ስል ነው የኖርኩት።

ከይሉኝታው በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ቆይተን ነው ያየነው። ድሮ «ከእነ እገሌ ነኝ» ትል ነበር፣ የድርጅቱን ስም ስትጠራ ሁሉም ያውቀዋል፣ ነገሩ ያልቃል። አሁን ያ ስም የለም። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት እሷ የምትሰማው «የት ነሽ?» የሚለውን ነው፣ ለእሱ ደግሞ መልስ የላትም። «ትንሽ ትንሽ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ ነው። ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

የሞከርነውና ያልሆነው

መጀመሪያ ዩቲዩብ አየች። በሠላሳ ሰከንድ ራስን ማስተዋወቅ የሚሉትን። በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ መስታወት ፊት ቆማ ሸመደደችው። ከዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረ የማታ ዝግጅት ላይ በአማርኛ «ደህና ነሽ?» ብሎ ለጨበጣት ሰው በእንግሊዝኛ ለቀቀችበት። ሰውየው ልጅቷ ምን ሆናለች በሚል ዓይን እኔን አየኝ። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋት፤ ዳዊት እንደሚደግም ልጅ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሲያልቅ «ውጭ ነበርሽ እንዴ?» አላት። በእንግሊዝኛው አልፈርድም፣ ከውጭ ገዢ ጋር ስታወራ ጠቅሟታል። እንዲያውም የሚያስቀው እንግሊዝኛ ላይ ይሉኝታ የላትም፤ ለፈረንጅ «ጎበዝ ቀማሽ ነኝ» ማለት አይከብዳትም። ለአገሯ ሰው ግን ያ ንግግር የተውሶ ልብስ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ቢዝነስ ካርድ አሳትሚ አልኳት፣ «ማኔጂንግ ዳይሬክተር» የሚል ይጻፍበት ያልኩትም እኔው ነኝ። አንድ ላኪ ካርዱን አገላብጦ «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» አላት። ፊቷ ደም መሰለ። የተረፈው ካርድ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ቴሌግራም ላይ ረጅም የድምፅ መልእክትም ሞከረች፣ ለስድስት ሰው። አንዱ አውራ ጣት ላከላት። ሌሎቹ አልሰሙትም።

እጇንም ላርመው ብዬ ነበር። «ክንድሽን አትደግፊ፣ ቀጥ በይ» አልኳት። አንድ ቀን ሞከረችው። ትልልቅ ሰዎች ፊት ራሷን የናቀቻቸው ያህል ስለተሰማት ጭራሽ ተሳሰረች። ተውነው። እጅ ያክብር፣ ምንም አይደለም። ዓይን መሬት ካላየ በቂ ነው።

የሠራው

ሁለት ምሽት ቁጭ ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን። ሕጉ አንድ ነበር፦ ቅጽል የለም። ጎበዝ፣ ልምድ ያላት፣ ታታሪ፣ ሁሉም ይውጣ። የሠራችውና የምትሠራው ብቻ ይቅር። የወጣው ይሄ ነው፦ «ስድስት ዓመት የላኪ ቤት ቀማሽ ነበርኩ። አሁን ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ላኪዎች ናሙና ቀምሼ ውጤቱን በጽሑፍ እሰጣለሁ።»

አነበበችውና «ይሄማ ጉራ አይደለም፣ እውነት ነው» አለች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ይሉኝታዋን ለማጥፋት ስንት ቀን ደከምን፤ ለካ ሳይነኩት በጎን ማለፍ ይቻላል። የተሠራን ሥራ መናገር እንደ ሪፖርት ነው፣ ሪፖርት ደግሞ ማንንም አያሳፍርም።

አንድ ጥያቄ ጨመርንበት፦ «እርስዎ ቡናዎትን ማን ነው የሚቀምስልዎት?» ይሄ ጥያቄ ብዙ በር ከፈተ። ላኪ ሁሉ ገዢው ናሙና የመለሰበት ታሪክ አለው፣ የሚሰማው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። እሷም ስለ ራሷ ማውራት ስለማትወድ ማዳመጡ ለእሷ እረፍት ነው።

ስሟንም ተለማመድን። ስሟንና የአባቷን ስም ዋጥ አድርጋ ነበር የምትሮጠው። ከስሟ በኋላ ትንፋሽ ውሰጂ አልኳት፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰው ስሟን መያዝ ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ አስተዋዋቂ። ራስን ማመስገን ነውር በሆነበት አገር የሚያመሰግንህ ሰው ያስፈልግሃል፤ ለጋብቻ ሽማግሌ የምንልክ ሕዝብ ለሥራ ብቻችንን የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም። «ተዋወቁ፣ ይቺ ባለቤቱን 83 ነው ብላ ያቆመች ልጅ ናት» እያልኩ የስኒውን ታሪክ እነግራለሁ። እሷ በጭራሽ አትናገረውም፣ እኔ ግን ደስ እያለኝ ነው የምናገረው። መጀመሪያ ላይ ግን አበላሸሁት፦ አስተዋወቅኳትና እዚያው ቆምኩ። ሰውየው ከእኔ ጋር ብቻ አወራ፣ እሷ እንደ ልጄ ጎኔ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ነግሬ «ቡና ላምጣ» ብዬ ዞር እላለሁ።

የሁሉ በላጭ ግን ቦታው ነበር። አንድ ቀን ለሁሉም ክፍት የሆነ ቅምሻ ላይ ሄደች። ስፖንሰር የለ፣ መድረክ የለ፣ ረጅም ጠረጴዛና የተደረደሩ ስኒዎች ብቻ። ማንኪያዋን ይዛ ገባች፤ ሌላ ሰው ሆነች። ከጉጂ የመጣ የታጠበ ቡና ጋ ስትደርስ (የታጠበ የሚባለው ፍሬው ተፈልፍሎ በውኃ የሚታጠበው ነው፣ ያልታጠበው ከነገለባው ይደርቃል) አምስቱን ስኒ ቀመሰች፣ ወደ ሦስተኛው ተመለሰች፣ እንደገና ማገችው፣ ተፋችው። አጠገቧ ላለው ወጣት ዝቅ ባለ ድምፅ «ሦስተኛው ስኒ ላይ የተለየ ነገር አለ፣ አራቱ ንጹሕ ናቸው» አለችው። አምስት ስኒ የሚደረገው ለዚሁ ነው፣ አንዷ የተበላሸች ፍሬ እንዳትደበቅ። ልጁ ቀመሰ። ደገመ። ፊቱ ተለወጠ።

ቡናው የእሱ ነበር።

«ይቅርታ፣ አንቺ ማን ነሽ?» አላት። እስከዚያ ቀን እሷ ነበረች ወደ ሰው የምትሄደው፤ አሁን ጥያቄው ከወዲያ መጣ። ዓረፍተ ነገሩን ተናገረች። «ያው» የለበትም። ስልኩን አወጣና ቁጥሯን እየጻፈ «ማን ብዬ ልመዝግብሽ?» አላት። ከመመለሷ በፊት ራሱ ጻፈው፦ ስሟን፣ ቀጥሎ «ቀማሽ»።

እሷ ይህን ስትነግረኝ ስልኬን አወጣሁ። የእናንተንም እዩት። ከበደ ቧንቧ። አልማዝ ሹራብ። ተስፋዬ ዲሽ። የአባታቸውን ስም አናውቅም፣ በሥራቸው ነው የመዘገብናቸው። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ ሌላውን ምክር ሁሉ ትተን አንድ መለኪያ ያዝን፦ ይህ ሰው ስልኩ ላይ ማን ብሎ ይጽፈኛል? ግራጫ ኮት የለበሱት ሰውዬ ያን ቀን ቁጥሯን ቢወስዱ ኖሮ «የጅማዋ ልጅ» ነበር የሚሏት።

ማታውን አጭር ጽሑፍ ላከችለት፤ ስሟን፣ የት እንደተገናኙና «ሦስተኛውን ስኒ አብረን የቀመስን» የምትል መስመር። በሳምንቱ ሁለት ናሙና ይዞ መጣ።

ግማሽ በግማሽ የተፈታ

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። አንዳንዱ ለወዳጅነት ነው የሚጠይቀው፣ አንዳንዱ ለሌላ። መመለስ ካልፈለገች ሰው ይቀየማል፣ ከመለሰች ወሬው እዚያው ይቀራል። አሁን የምትለው «ያደግኩት ጅማ ነው፣ ያልታጠበ ቡና እየሸተተኝ። የእርስዎ የታጠበ ነው ያልታጠበ?» ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ቡናው ይመለሳል። የማይመለስም አለ።

የማታ ደዋዮቹን በተመለከተ ሌላ ሲም ካርድ አወጣች፣ ለሥራ ብቻ። ቁጥሯን ስትሰጥ «ናሙና ካለ በሥራ ሰዓት ይደውሉ» ትላለች። አንዱ ተቀየመ። ይቀየም። እኔ ወንድ ስለሆንኩ ይህን ችግር ቀድሜ አላየሁትም፤ ከማታው ጥሪ በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ለሴት ባለሙያ «ወጣ ብለሽ ተዋወቂ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ የሚከተለውን የምትችለው እሷ ናት።

ለሌላው ሰው ምን ይሆናል

ዓረፍተ ነገሩን በሌሎች ላይ ሞክሬዋለሁ። «አካውንታንት ነኝ» ይል የነበረ አንድ ጎረቤቴ «ትንንሽ አስመጪዎች የግብር ሰነዳቸው ሲዘበራረቅ እኔ ጋ ያመጡታል» ማለት ጀመረ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሥራ አገኘ፤ እውነቴን ነው። የእህቴ ልጅ ግን አልሆነለትም። ሶፍትዌር ተምሮ ገና አልሠራም፣ ስለዚህ የምንጽፈው ሥራ አጣን። ቁጭ ብለን ብዙ ከተፈላለግን በኋላ «አንድ ነገር ሠርተህ ና» አልኩት። የእሷ ዓረፍተ ነገር የቆመው በስድስት ዓመት ቅምሻ ላይ ነው፣ ቃላቱ ብቻቸውን አይቆሙም።

ቦታውም እንደ ሥራው ነው። ቀማሽ ጠረጴዛ አላት፤ አናጺም ምግብ አብሳይም ሥራቸውን በእጃቸው ያሳያሉ። የሰነድ ሰው፣ የሕግ ሰው፣ የሒሳብ ሰው ምን ጠረጴዛ አለው? ለጎረቤቴ የሠራው ሌላው ሰው ስለ ግብር ሲያማርር እዚያ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ሥራህ ወደሚያማርርበት ቦታ ሂድ እላለሁ፣ ብዙ እንግዳ ወዳለበት አዳራሽ ከምትሄድ። አስተዋዋቂ የሚሆንህ ደግሞ ስትሠራ ያየህ ሰው ይሁን። ዘመድ «ጎበዝ ልጅ ነው» ይላል፣ ባልደረባ ግን የስኒውን ታሪክ ያውቃል።

አሁን ያለችበት

ይህን ስጽፍ አራት ቋሚ ደንበኞች ነበሯት፣ አንዱ ተሟግቷት ሄደ፤ ነጥብ እንድትጨምርለት ፈልጎ። ባለፈው ስደውልላት «ማን ልበል?» አለችኝ፣ ስልኳ ተቀይሮ ቁጥሬ ጠፍቶባት። «እኔ ነኝ» አልኳት። ሳቀችብኝ።

አንድ የቀረን አለ። ሥራዋን ተናግራ፣ ጥያቄዋን ጠይቃ፣ ሰውየው «እሺ፣ ስንት ታስከፍያለሽ?» ሲላት አሁንም መሬት መሬት እያየች «እርስዎ የመሰለዎትን» ትላለች። የዋጋ ዝርዝር ጽፈን ቦርሳዋ ውስጥ ከተናል። እስካሁን አላወጣችውም።